ያልጠረግሁት እርሳስ፦ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ

ሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

የወደቡ ጥበቃ የቀበሌ ይለፍ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ ገልብጦ አየው። ቦርሳዬንም አስከፈተኝ፦ መበየጃ ብረት፣ ጉጠት፣ አንድ ጥቅል የመበየጃ እርሳስ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ሬድዮ መጠገኛ።"

አሳለፈኝ። የኮሌጅ ወርክሾፕ ቴክኒሻን ነኝ። በኪሴ የደቅ ክሊኒክ ድሬሰር የአልማዝ ደብዳቤ አለ፦ "ባለፈው ወር የጠገንኸው የመገናኛ ሬድዮ ዝም ብሏል። የቄስ ይሁኔ ልጅ መውለጃዋ ደርሷል፤ ዳሌዋ ጠባብ ነው። የሆስፒታሉን ጀልባ መጥራት ካልቻልሁ ምን ይውጠኛል?" ካነበብሁት ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

3 ሰዓት፣ ጣና ላይ

ጀልባዋ ጤፍ፣ ጨው፣ ሁለት ፍየልና ወደ ጎርጎራ የሚሻገሩ መምህራን ጭናለች። ባለሞተሩ አያ ታከለ እኔን ሲያይ ጊዜ ሳቀ።

"ሬድዮውን ጠግኜ መጣሁ አላልኸንም? ዶሮም ታርዶልህ ነበር አሉ!"

"በልቻለሁ፣ አያ ታከለ።"

"እንግዲያ ዶሮዋን መልስ!"

መምህራኑ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፤ አፍሬ ነው እንጂ ሳቁስ አልነበረኝም።

6 ሰዓት፣ ደቅ

ጀልባዋ እኔን አውርዳ ወዲያው ወደ ጎርጎራ ቀጠለች። በማሳና በቡና ዛፍ መካከል አንድ ሰዓት በእግሬ ሄጄ ክሊኒኩ ደረስሁ። ደጁ ላይ ቄስ ይሁኔ ቆመዋል፤ ከውስጥ "ማርያም! ማርያም!" ይሰማል። አልማዝ እጇን እያደራረቀች ወጣች።

"ምጧ ከትናንት ጀምሯል። ልጁ አልወርድም ብሏል። ቶሎ በል!"

ከሰል አስቀጣጥዬ መበየጃውን ጣድሁና የሬድዮውን ሽፋን ከፈትሁ። ሲወራበት ከሚግለው፣ ትራንዚስተር ከሚባለው ዕቃ ሥር ያለችው መገጣጠሚያ ተላቅቃለች። የበየድኋት እኔው ነኝ።

ያን ጊዜ አንድ የውጭ አገር መምህር የሰጠኝን፣ ቢስሙት የሚባል ቶሎ ቀላጭ ብረት ያለበትን እርሳስ ነበር የተጠቀምሁት። በትንሽ ሙቀት ስለሚቀልጥ ስስ ዕቃ አያቃጥልም። "ከተለመደው እርሳስ ጋር እንዳትቀላቅለው፣ አሮጌውን ጥረግ" ብሎኝ ነበር። እኛ ወርክሾፕ ግን እርሳስ ብርቅ ነው። ወለል ላይ የወደቀችውን ጠብታ እንኳ ለቅመን እናቀልጣለን፤ ጠርጎ መጣል እንደ ብክነት ያስወቅሳል። ስለዚህ በአሮጌው ላይ ደረብሁበት።

ገና በቅጡ ያልጋለውን ብረት ባስነካው፣ ቅልቅሉ እንደ ቅቤ ፈሰሰ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ለካ ከሁለቱም ቀድመው ይቀልጣሉ! አልማዝ ሬድዮው ላይ ረዘም አድርጋ ባወራች ቁጥር ትራንዚስተሩ ግሎ ብየዳውን አለስልሶታል። ጠብታ እርሳስ ላለማባከን ስል ብየዳውን አባከንሁ።

እያቀለጥሁ በጨርቅ ጠረግሁ። መዳቡ ብቻ እስኪቀር ጠረግሁ። ከዚያ በተለመደው እርሳስ ብቻ በየድሁና ባትሪውን አገናኘሁ።

"ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር፣ ደቅ ክሊኒክ ነው!" አለች አልማዝ።

ትንሽ ጫጫታ፣ ከዚያም "ደቅ፣ ይሰማል" የሚል ድምፅ መጣ። አልማዝ የሆስፒታሉ ጀልባ ቶሎ እንዲላክ ነገረቻቸው።

ቄስ ይሁኔ መስቀላቸውን አውጥተው ሊመርቁኝ ቀረቡ።

"አይመርቁኝ፣ አባ" አልሁ። "ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የድሮውን እርሳስ ሳልጠርግ ነው የበየድሁት።"

አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "አሁንስ ጠርገኸዋል?" አሉ።

"ጠርጌዋለሁ።"

"እንግዲያ ከእኛ ጋር ትሳፈራለህ። ልጄ ብትድንም ብትሞትም ቁመህ ታያለህ።"

12 ሰዓት ሲሆን፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል

የሆስፒታሉ ጀልባ ፈጣን ነው። ሐይቁን ስንሻገር የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝሁ፤ ልጅቱ ዓይኗን አልገለጠችም። ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ቄሱና እኔ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ሐኪሙ ጭምብሉን አውርዶ ወጣ። "እናትየዋ ትተርፋለች" አለ። "ልጁን ግን በሕይወት አላገኘነውም። ጠዋት ብትደርስልን ኖሮ..."

ቄሱ አማተቡ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። የእኔም ወረደ።

"ያ ሬድዮ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በየወሩ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል?"

"ያስፈልገዋል፣ አባ። ቢፈቅዱልኝ እኔ እመጣለሁ።"

ዳዊታቸውን ዘጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ "ና" አሉኝ።