ሽርጥ የለበሰ ካሜራ

ሰው በአክብሮት ዳኤንግ የሚላት ካናንግ በራሷ ጀልባ ላይ የማታዝበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የሞተሩ ክፍል። መሪውን ትይዛለች፣ ጫኙን ትቆጣለች፣ ከነጋዴ ጋር ተጨቃጭቃ ትረታለች። የወለሉ መክደኛ ሲከፈት ግን እንደ እንግዳ ዳር ላይ ቆማ ታያለች። ጀልባ እንደ ሰው ነፍስ አላት ስለሚባል፣ ስትሠራ እምብርቷ ተብሎ ቀዳዳ የተበሳውና የተደፈነው እዚያ ታች፣ አሁን ሞተሩ ከተቀመጠበት አጠገብ ነው። የሴት እግር ከረገጠው ባሕሩ ይገባል ይባላል። አባቷም ጀልባዋን ያወረሳት ይህንኑ አስጠንቅቆ ነው።

ይህ ነገር ባለፈው ክረምት ጉድ አፈላባት። ታች ውሃ ሲገባ ሞተረኛው ዳኤንግ ሉራንግ ትንፍሽ አላለም። ከላይ ሆና "እንዴት ነው?" ስትለው "ደህና ነው" ይላል፤ ደግማ ስትጠይቀውም "ደህና ነው" ይላል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ደህና ነው ሲባባሉ ሞተሩ ጠፋና ነፋሱ እየገፋ አሸዋ ላይ ጣላቸው። የጫኑት የሰው ሲሚንቶ በሙሉ ድንጋይ ሆነ። በኋላ አፋጥጣ ስትይዘው፣

"እንዳትደነግጪ ብዬ ነው" አላት።

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። የወደቡ ወንዶች ደግሞ ውሎ ሳያድር ፈረዱ፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል፣ ጀልባዋን ለወንድ ትስጥና እቤቷ ትቀመጥ አሉ። አንዴ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባት ዕቃውን የሚጭንላት ሰው እንደማይኖር ካናንግ ታውቃለች። አፍንጫቸውን ይላሱ ብላ ወደ ማካሳር ከተማ ሄደች፣ ካሜራ ልትገዛ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣላት ነጭ፣ አንገቱን የሚያዞር፣ ሌባ ሲያይ የሚጮህ ነበር።

"እኔ የምጠብቀው ሌባ አይደለም፣ ውሃ ነው" አለችው።

"ታዲያ የት ነው የሚሰቀለው፣ እትዬ?"

"ጀልባ ውስጥ፣ ሞተር አጠገብ። እንቁላል ቢሰብሩበት ይጠበሳል። መብራት ቢባል የሞተረኛው ሲጋራ ብቻ ነው።"

"ዘይትስ ይረጫል?"

"ግድግዳውም ሰውዬውም ዘይት ናቸው።"

ባለሱቁ ሳቀና ከኋላ ሌላ አመጣ፤ ቡጢ የምታህል፣ የብረት ካፖርት የለበሰች፣ በጨለማ የምታይ። ያለ ገመድ የምትሠራም አለች ቢላት አልተቀበለችም፤ ባሕር መሃል ምስል ከሚጠፋብኝ ገመድ ቢጠልፈኝ ይሻለኛል አለች። ከዚያ ገመዷ እንደተሰካ ካሜራዋን አንስታ ወለል የሚጠረግበት ባልዲ ውስጥ ዘፈቀቻት። ባለሱቁ ጭንቅላቱን ያዘ። ካሜራዋ ግን እቆሻሻ ውሃ ውስጥ ሆና የባልዲውን ስንጥቅ እስክሪኑ ላይ ቁልጭ አድርጋ አሳየች።

"የኔ ይህቺ ናት" አለች ካናንግ።

መግጠሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሉራንግ እጄን አላነሳም አለ። ስለዚህ መርከበኛው ባሶ ታች ወረደ፣ ካናንግ የመክደኛው አፋፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ታዛለች። ባሶ ቀላሉን መርጦ ካሜራዋን ከሞተሩ ጋር አሰራት፤ ሞተሩ ሲነሳ ምስሉ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ። ተፈታች። ቀጥሎ የጭስ ማውጫው አጠገብ ሊሰቅላት ሲል "ልትጠብሳት ነው?" ብላ ጮኸችበት። በመጨረሻ በመሰላሉ በኩል፣ የጀልባዋ የጎድን እንጨት ላይ፣ ሞተሩም ወለሉም ከሚታይበት ከፍታ ላይ ተቸነከረች። ገመዱን ከሙቀት አርቀው ጥግ ለጥግ አመጡና እስክሪኑን ከመሪው ጎን ሰቀሉት።

ሉራንግ መጥቶ እስክሪኑን አየና ፊቱን አጨፈገገ።

"ሴት እዚያ አትገባም። የነገረሽ አባትሽ ነው።"

"መች ገባሁ፣ ዳኤንግ? እግሬ ይኸው እዚህ ነው። አባቴ ስለ ዓይን የነገረኝ የለም።"

"አባትሽ ይህን ቢሰማ..."

"ቢሰማማ እርስዎ 'ደህና ነው' ይሉት ነበር።"

ባሶ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ባሕሩ ዞረ። ሽማግሌው ግን በዋዛ የሚረታ አልነበረም። በማግስቱ ጉዞ ሲጀመር እስክሪኑ ላይ ሞተር የሚባል የለም፤ የዳማ ገበታ የመሰለ መስመር ብቻ። ሽርጡን ካሜራዋ ላይ ሰቅሎታል።

"ዳኤንግ ሉራንግ፣ ሽርጥዎ ደርቋል፣ ያንሱት" ትላለች ወደ ታች። መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ያነሳዋል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይሰቅለዋል። እንዲህ እየተጓተቱ ከረሙ። ሽርጡ በማይኖርበት ሰዓት ግን ካናንግ ያልጠበቀችውን ታያለች፤ ሽማግሌው ሞተሩን በጨርቅ ሲያብስ፣ ሲያናግረው፣ እምብርቱ ያለበትን ጣውላ ላለመርገጥ ዞሮ ሲያልፍ። ጀልባዋን ይወዳታል። ይህም ያናድዳታል፤ የሚወድ ሰው እንዴት ይዋሻል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሩዝና ቆርቆሮ ጭነው ወደ ቦኔራቴ ደሴት ሲሄዱ፣ እስክሪኑ ነጭ ሆነ።

"ሰቀለው ደግሞ" አለ ባሶ።

ካናንግ ስድቧን አዘጋጅታ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

"ባሶ፣ ሽርጡ መስመር አለው። የዚህ መስመሩ የታለ?"

እንፋሎት ነበር። ሞተሩን አጠፋች። ወንዶቹ መክደኛውን ሲከፍቱ ግለቱ ፊታቸውን ለበለባቸውና ወደ ኋላ አሉ። ሉራንግን ተጣሩ፤ መልስ የለም። ካናንግ ፎጣ ውሃ ነክራ ፊቷ ላይ ጠመጠመች።

"ዳኤንግ፣ እምብርቱስ?" አለ ባሶ።

"ዞር በል።"

ወረደች። የማቀዝቀዣው ቱቦ ወልቆ የባሕሩ ውሃ በጋለው ብረት ላይ ይረጫል። ሉራንግ ክንዱ ተልጦ ጥግ ላይ ወድቋል፣ ትንፋሽ አጥሮታል። የውሃው መዝጊያ ከእምብርቱ በላይ ነው። ጣውላው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ መዝጊያውን ጠመዘዘችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር እርጥብ ጣውላ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሽማግሌውን በብብቱ ይዛ ወደ መሰላሉ ጎተተችው፣ ባሶም ከላይ ተቀበላት።

ቱቦውን በጎማ ቁራጭ ጠምጥመው እየተንፏቀቁ ቦኔራቴ ሲደርሱ ወሬው በስልክ ቀድሟቸዋል። ኮፕራ የሚሉትን የደረቀ ኮኮናት ሊጭኑባት የቆሙት ነጋዴዎች ሉራንግን ከበቡት።

"እምብርቱን ረግጣለች ይባላል። እውነት ነው?"

ሉራንግ የታሰረ ክንዱን አየ፣ ካናንግን አየ።

"እንፋሎት ነበር። ምንም አላየሁም። ሁሉም ደህና ነው።"

ደግ ውሸት ነበር። ዝም ብትል ዕቃው ይጫናል፣ ወሬውም ይሞታል። ካናንግ ግን ደህና ነው የሚለው ቃል አንገሽግሿታል።

"ረግጬዋለሁ" አለች። "ቆሜበታለሁ። እንፋሎቱ ሲገፈፍ ካሜራዋ ቀርጻኛለች፣ የፈለገ ወጥቶ ይይ። ጀልባዋም ይኸው፣ ሰውዬውም ይኸው። የፈራ ሌላ ጀልባ ይፈልግ።"

አንዳንዶቹ ኮፕራቸውን አስነስተው ሄዱ። በግማሽ ጭነት ተመለሰች፣ አንገቷን ሳትደፋ።

በመንገድ ላይ ሉራንግ እስክሪኑ ላይ ታየ። ሽርጡን ከትከሻው አወረደ፤ ካናንግ ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን በሽርጡ ጫፍ የካሜራዋን መስታወት ጠረገና ወደ ላይ ተጣራ።

"ካናንግ፣ በአንድ እጄ አልሆነልኝም። ውረጂና ቱቦውን ያዢልኝ።"

ባሶ ብድግ ሲል ገታችው።

"አንተን አልጠራም። መሪውን ያዝ።"

ከዚያ የጀመረችውን የዝንጅብል ሻይ እየተጎነጨች እስከ ታች ጨረሰችው። እሷ መክደኛው ዳር ቆማ ስንት ዘመን ጠብቃለች፤ እስኪ ዛሬ ደግሞ እሱ ትንሽ ይጠብቅ።