የሳዋኤ የመነጽር ብሎን

ሳዋኤ እጇ አርፎ አያውቅም ነበር። ዋካሳ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ፣ ማብላያው ተከፍቶ ነዳጅ በሚቀየርበት ወራት፣ ነዳጁ ከሚጠመቅበት የውኃ ገንዳ ክፍል በር ቆማ የሚገባውን ሁሉ የምትፈትሽ እሷ ነበረች። ቀለበት ታስወልቃለች፣ ኪስና አንገትጌ በፕላስተር ታሽጋለች፣ መነጽር በክር ታስራለች። ቤቷ ገብታም ሩዟን ደጋግማ ስትለቅም ታመሻለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እኔንም ልታሽጊኝ ነው" ይላት ነበር።

ወዳ አይደለም። ገንዳው ውስጥ የወደቀች ስባሪ ሽቦ ውኃው እየገፋ ወስዶ ከነዳጅ ዘንጎቹ መሐል ይወሽቃታል። እዚያ ስትንቀጠቀጥ፣ ስትፍቅ ከርማ የዘንጉን ስስ ሽፋን ትበሳዋለች፤ መርዘኛው ጨረርም ወደ ውኃው ይወጣል።

አንድ ቀን ሰው ጎደለና እሷው ራሷን አሽጋ ገባች፤ ከገንዳው አጥር ላይ ተንጠራርታ ቱቦ ስትቀበል ዋለች። ወጥታ ልብስ ከቀየረች በኋላ የመነጽሯ አንዱ እግር ወለቀ። ክሩ መነጽሩን ይዟል፤ ብሎኗ ግን የለችም። መነጽር እንጂ የመነጽር ብሎን የሚያስር ማን አለ?

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ሥራው ይቆማል፣ ያንን በርም ዳግመኛ አምኖ የሚሰጣት አይኖር ይሆናል። እግሯ ግን ቀድሟት ከአለቃ ኩሳካቤ ፊት አደረሳት።

"አለቃ፣ የሰው ኪስ ሳሽግ የራሴን ጣልኩ።"

"ምን ጣልሽ?"

"ብሎን። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል።"

"እትዬ ሳዋኤ፣ ትናንት እኔን ለአንዲት የላላች የልብስ ቁልፍ ብለሽ ከበር የመለስሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

"ሥራውን አስቁምና ከዚያ ሳቅብኝ።"

ኩሳካቤ ስልኩን አንስቶ ሥራውን አስቆመ። ካሜራ ውኃው ውስጥ ወረደ። ሳዋኤ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች። በመጨረሻ "ተገኘ" ተባለ፤ በረጅሙ መቆንጠጫ የወጣው ግን ከሽቦ ብሩሽ የተነቀለ ቀጭን ሽቦ ነበር። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መቀመጥ አቃታት። ጓንቷን አጥልቃ ያወለቀችውን ልብስ ከከረጢቱ አወጣችና ስፌት በስፌት ትዳብሰው ገባች። የአንገትጌውን ፕላስተር ስትገለብጠው ብሎኗ ሙጫው ላይ ተለጥፋ ቁጭ ብላለች።

"ያልወደቀውን ስንፈልግ የወደቀውን አገኘን" አለ ኩሳካቤ ብሎኗን አይቶ። "በሩ ነገም ያንቺው ነው።"

ሳዋኤ አልሳቀችም። "ሽቦዋን የጣለውም በኔው በር ነው የገባው፤ አንዷን ከጣለ ሌላም ይኖራል" አለች።

ኩሳካቤ "ሂጂ ሩዝሽን ልቀሚ" ሊላት አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየና ተወው። ስልኩን መልሶ አነሳ።