የጨዋታ ልምምድ

የመዋዕለ ሕፃናቷን መምህርት ወላጆች ከጀርባዋ «ወይዘሮ ማስመሪያ» ይሏታል። ፊቷ ሲቆሙ ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው፤ ከእሷ ክፍል የወጣ ሕፃን የትልቁን ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወድቆ አያውቅማ። በአምስት ዓመቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ስሙን ከመስመር ሳያወጣ ይጽፋል። የአሻንጉሊቱ ሣጥን ቁልፍ የሚውለው አንገቷ ላይ ነው። «ጨዋታ ቤታቸው ሞልቷል» ትላለች። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ «ትምህርት ቤት ስትጫወቱ ውላችሁ» ተብለው ደብተር ይሰጣቸዋል። ልጆቹ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነው ቀሩ።

ዘንድሮ የልጅ ልጇም እዚያው ክፍል ናት። እናቷ ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ስላለች ያሳደገቻት እሷው አያቷ ናት። «እማማነቴ በሩ ላይ ያበቃል» ብላ ስላስጠነቀቀቻት፣ ልጅቷ ግቢ ውስጥ «ቲቸር» ነው የምትላት።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ርዕሰ መምህሩ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ፈተናው ተቀይሯል። መጻፍ የለም፣ መቁጠር የለም። ክፍል አስገብተው ሲጫወቱ ነው የሚያዩዋቸው።»

«ሲጫወቱ?»

«ሲጫወቱ። ልጆቹ ቢወድቁብን ወላጅ አንድም አይቀርልንም። የልጅ ልጅዎም አለችበት፣ ያስቡበት።»

መምህርቷ እጅ መስጠት ግን አታውቅበትም። በማግሥቱ ሣጥኑን ከፍታ የመጫወቻ እንጨቶቹን አደለችና በለመደችው መንገድ ገባችበት።

«አንድ ስል እንጨቱን እናነሣለን። ሁለት ስል እንደራርባለን። ሦስት ስል ጓደኛችንን አይተን እንስቃለን። ገባችሁ?»

«ገባን፣ ቲቸር!»

ሦስት ስትል ክፍሉ ጥርስ በጥርስ ይሆናል። አንዱ ልጅ የደረደረውን እንጨት መኪና አድርጎ ቢነዳው «ከተባለው አትውጣ» ብላ አፈረሰችበት። ሰው እንዴት ጨዋታ ያስጠናል አትበሉ። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ መንገድ ሄዳ ያልወደቀች ሴት ሌላ መንገድ ከየት ታምጣ?

የፈተናው ቀን ከመስታወቱ በር ውጭ ቆማ አየች። ፈታኟ አሻንጉሊቱን ምንጣፍ ላይ ዘርግፋ «በሉ ልጆች፣ ተጫወቱ» አለች። ማንም አልተነቃነቀም። እጃቸውን አጣጥፈው «አንድ» እስኪባል ይጠብቃሉ። የልጅ ልጇ ጣቷን አወጣች።

«ትክክለኛው ጨዋታ የትኛው ነው?»

መምህርቷ ክው አለች። ስለ ስሟም ስለ ፈተናውም አልነበረም። እነዚህን ልጆች ምን አድርጌያቸው ነው ብላ ነው። ፈታኟ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገች። መግባት ክልክል ነበር፤ መምህርቷ ግን ገባች። በሚያማት ጉልበቷ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ አንድ እንጨት አነሣች። ምን እንደምታደርገው ግን ጠፋት።

«እኔም አላውቅም» አለች። «እስቲ አሳዩኝ።»

«ከተሳሳትን ትቆጫለሽ?» አለቻት የልጅ ልጇ።

«አልቆጣም።»

«ሙች በይ።»

«እሞትልሻለሁ፣ አልቆጣም።»

ፈታኟ ልታስወጣት አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ቀድማ ተነሥታለች። ከእንጨቶቹ ረጅሙን መረጠች፣ ወገቧን ያዘች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እኔ ቲቸር ነኝ። አንቺ ተማሪ ነሽ፣ እማማ። እጅ አጣጥፊ! ዝም! ጨዋታ ቤታችሁ ሞልቷል!»

ልጆቹ ፍርስ ብለው ሳቁ። አንዱ ዘበኛ ሆኖ በሩን ያዘ፣ አንዷ እንጨቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ልጄ ስንት አመጣ?» እያለች ወላጅ ሆነች፤ ያ መኪናው የፈረሰበትም ልጅ እንጨቱን እየነዳ ተማሪ ያመላልስ ጀመር። ፈታኟ ሊወጣ የነበረውን ቃል ዋጠችና ብዕሯን አስቀምጣ ታያቸው ጀመረች።

መምህርቷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እንባዋ እየመጣባት ጣቷን አወጣች።

«ቲቸር፣ ትንሽ ብንጫወትስ?»

«አይቻልም» አለቻት የልጅ ልጇ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «ፈተና አለ።»