ጾሙን ያስረሳኝ የአዝመራ ላትኬ

ለእናንተ ብቻ ሹክ ልበላችሁ፤ ዛሬ ጾም መሆኑን ረስቼ አራት እንቁላል ሰበርኩ። የጎረቤቱን ጾም ስቆጣጠር የኖርኩት እኔ!

ያስረሳችኝ አዝመራ ናት፤ የልጅነት ጓደኛዬ። ቤተ እስራኤል ናት፤ በልጅነቷ ነው ከነቤተሰቧ ወደ እስራኤል የሄደችው። ዘንድሮ ጎንደር መጥታ የአይሁዶችን የሐኑካ በዓል ምግብ፣ ላትኬን፣ ካልጠበስኩልሽ ብላ ቁስቋም ቤቴ ድረስ ዘለቀች።

ድንች፣ ካሮትና ዝኩኒ ፈቅፍቀን ውሃውን ጨመቅን፤ በእንቁላል ለውሰን፣ እንደ ትንንሽ ቂጣ ጠፍጥፈን ዘይት ውስጥ ጠበስን፤ ላትኬ ማለት ይኸው ነው።

"ይኼን በዓል እኮ እዚያ ሄጄ ነው የተማርኩት" አለች።

የመጀመሪያውን ቆርሳ ልታጎርሰኝ ስትል ነው ትዝ ያለኝ።

"ውይ አዝሜ፣ ጾም ነው!"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። "ምነው እቴ! ያኔ የናንተን አልበላም ስል ታለቅሺ አልነበር? ብድርሽን መለስሽ!"

እውነቷን ነው። በመንደራችን እነሱ በክርስቲያን እጅ የበሰለ አይቀምሱም፤ እኛም የነሱን አንቀምስም ነበር። ጥሬ ግን አይከለከልም ነበርና አጥር ሥር ተቀምጠን የሽምብራ እሸት እንፈለፍል ነበር።

አሁን እሷ ያን ሁሉ ትታዋለች፤ እኔን ደግሞ እንቁላሉ ያዘኝ። በዚህ ዕድሜያችን አንድ ቀን እንኳ ተጎራርሰን አናውቅም!

"ሐኑካ ስምንት ቀን ነው" አለች ስትወጣ። "ነገ በእንቁላሉ ፋንታ የሽምብራ ዱቄት እናድርግበት።"

እናንተስ፣ ከልጅነት ጓደኛችሁ ጋር ሳትቋደሱት የቀረ ምን አለ? ጻፉልኝ። እኔም የሽምብራው ላትኬ ቢይዝም ቢበታተንም፣ ማን ማንን ቀድማ እንዳጎረሰች ነገ እዚሁ እነግራችኋለሁ።