ደላላውን ያውቁታል?

አባቴን ያሳሰረው አንድ ቃል ነው። የገዳሪፍ ሰው ቀበቶው ነው ይላል፤ እኔ ግን መስኮቱ ስር ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁና ማንም አያስተምረኝም። ቃሉ "ደላላ" ነው። እናንተ አገር ደላላ ሰው ነው፤ ቤት ያከራያል፣ ሠራተኛ ያስቀጥራል፣ ከሁለቱም ወገን ይበላል። እኛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደግን ሐበሾች ደላላ ስንል ግን ገበያውን ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን፣ ወራሽ የሟችን ንብረት አውጥቶ በጩኸት የሚሸጥበት፣ አንዱ "ጨመርኩ" ሲል ሌላው "እኔም" የሚልበት ሜዳ፤ እናንተ ሐራጅ የምትሉት። ዓረቡ እንደዚያ ይለዋል፤ እኛም ከዓረቡ ተቀብለን አማርኛችን መሐል ሰክተነዋል። "ዛሬ ደላላ ወጥቼ ነበር" ብሎ የማያውቅ ሐበሻ እዚህ ከተማ ውስጥ የለም።

አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ሜዳ ቀርቶ አያውቅም። የሚገዛው ደግሞ የወታደር ዕቃ ብቻ ነው። የእንግሊዝ ዘመን አዝራር፣ የጣሊያን ኮዳ፣ የተቀደደ ባርኔጣ፣ ዝገት የበላው የምግብ ቆርቆሮ፣ ከማን ትከሻ እንደወደቀ የማይታወቅ የማዕረግ ኮከብ። ሌላው ሰው ለፍራሽና ለውኃ ሞተር ሲሻማ፣ እሱ ቁጢጥ ብሎ ከካርቶን ግርጌ ያለውን ብረታ ብረት በጣቱ ይፈለፍላል። ወደ ቤት ሲመጣ ኪሱ ይንቃጨላል።

እኔ በርበሬና ቅመም ቸርቻሪ ነኝ፤ ሱቄም ቤቴም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ለወጥ ያስቀመጥኩትን ሎሚ እየወሰደ፣ በአመድ እየለወሰ፣ አንዲት አዝራር ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ሲያሻት ይውላል። "አባዬ፣ የሞተ ሰው ልብስ ርጋፊ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?" እለዋለሁ። "አንቺ ስለ ከሙንሽ እወቂ" ይለኛል። ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን ያንን የቆርቆሮ ሳጥን ከነምናምኑ አውጥቼ ልጥልበት ይቃጣኝ ነበር።

ሰላም በነበረ ጊዜ፣ አዝመራ ሲገባ ከሰላ ላይ መዓረድ ይከፈት ነበር፤ ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ደርድሮ የሚያሳይበት ባዛር ነው። ከአንዱ ጥግ እንደ አባቴ ያሉ ሽማግሌዎች ጨርቅ አንጥፈው የሰበሰቡትን ይዘረጋሉ። አይሸጡም፤ እንዲሁ ይተያያሉ። አንድ ጊዜ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ያለ እኔ ሳጥኑን ማን ሊሸከምለት? አንዱ ሽማግሌ ያቺን ሲያሻት የከረመውን አዝራር አነሳና "ይቺ የግብጽ ናት" አለ። አባቴ በርበሬ መሰለ። "የግብጽ? ዓይንህ የት ሄደ? የሱዳን ግመለኛ ጦር ምልክት፣ ግመሉ አይታይህም?" ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ፉል በሉ። በአውቶቡስ ስንመለስ፣ "አየሽ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር መጣላት እንዴት ደስ ይላል" አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ የካርቱሙ ጦርነት መጣ። ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች፤ ትምህርት ቤቱም የመስጊዱ ግቢም ሰው ተኛበት። ፍተሻው ባሰ። ሐበሻ የሆነ ሰው ወረቀት ቢኖረውም በጥርጣሬ ይታይ ጀመር፤ የወታደር ልብስ ቤቱ ከተገኘማ፣ ለየትኛው ወገን ነው የምትሠራው ይባላል። "አባዬ፣ ሳጥኑን እንቅበረው" አልኩት። "አዝራር ይቀበራል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አኮረፍኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ይባስ ብሎ ደላላው ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻው ቅዳሜ አንድ ቀበቶ ገዝቶ መጣ። ዘለበቱ የሚያብረቀርቅ፣ ዝገት ያልነካው፣ የዛሬ ወታደር የሚታጠቀው ዓይነት።

ፈታሾቹ የመጡት በቀትር ነው። ለዝገቱ ግድም አልሰጣቸው፤ አንዱማ የጣሊያኑን ኮዳ አንስቶ ሳቀ። ቀበቶው ሲወጣ ሳቁ ቆመ። አባቴን መኪና ላይ ጭነውት ሄዱ።

ሱቁን ሳልዘጋ ነው የተከተልኩት። ጣቢያው ስደርስ አባቴ "አስተርጓሚ ይምጣልኝ" ብሎ አስቸግሯቸዋል። ወይ አበሳዬ! ዓረብኛ ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ነግዶበታል። እሱ ግን ነገሩን አከበደው። "የገበያ ዓረብኛ ለገበያ ነው፤ ለነፍሴ በሰው ቋንቋ አልከራከርም" አለ። "እኔ ላስተርጉምለት" ብል፣ ልጁ ነሽ ተብዬ ተባረርኩ። ያገኙለት ከካርቱም የተፈናቀለች የአዲስ አበባ ሴት ናት። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ ዓረብኛው እንደ ውኃ ነው የሚወርድላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ "አባባ" እያለች ነው የምታናግረው። እኔ ዞሬ መስኮቱ ስር ቆምኩ።

"አባባ፣ ቀበቶውን ከየት አገኙት?"

"ከደላላ ገዛሁት።"

"ሚን ሲምሳር" አለችው ለሚመረምረው መኮንን።

ሲምሳር! በዓረብኛ አገናኝ ማለት ነው፤ እዚህ ድንበር ላይ ግን ሰው አሻጋሪው ነው፣ መሣሪያ አመላላሹ ነው፣ ሲጠራ ሰው ግራ ቀኙን የሚያይለት ነው። "ላ! ላ! ሱቅ ደላላ!" ብዬ፣ ሰው አይደለም ገበያው ነው ለማለት፣ ወደ ውስጥ ጮህኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ ይጎትተኝ ጀመር። እየተጎተትኩም እሰማለሁ።

"ደላላውን ያውቁታል?"

"እንዴት አላውቀው! ገዳሪፍ ከገባሁ ጀምሮ።"

"የት ነው የሚገኘው?"

"ከእህል ገበያው ጀርባ ነዋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ሌላስ ምን ይሸጣል?"

"ምን የማይሸጥ አለ? የመንግሥት መኪና ሳይቀር!"

"የሚገዙትስ እነማን ናቸው?"

"አገሩ በሙሉ! ሹማምንቱም ይገዛሉ እኮ።"

እሷ ትተረጉማለች፣ መኮንኑ ይጽፋል። አባቴ የሚወደው ነገር ተነስቶለት ድምፁ ሞቅ ሞቅ እያለ ሄደ። አማርኛችን ሰውንም ሜዳውንም እኩል "እሱ" ይላል፤ ከሁለቱ አንዳቸው "የቱ ደላላ?" ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ። ማንም አላለም። የግቢው በር በላዬ ላይ ተዘጋ።

በማግስቱ መኮንኑ ፊት ቀረብኩ። "ጀናቡ፣ ሰው አይደለም፣ ደላላ ነው ያለው፤ ራሳችሁ ያስተማራችሁን ቃል" አልኩት በዓረብኛ። ወረቀቱን አገላበጠና፣ "እዚህ ላይ ሲምሳር ነው የሚለው። ከደላላ ከሆነ የገዛው፣ አጫራቹ መጥቶ ይመስክር። ካልሆነ የሲምሳሩን ስም ያምጣ" አለኝ። 

አጫራቹ ሱዳናዊ ነው፤ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ ስንቴ እኛ ቤት በልቶ ጠጥቷል። "ዓሚ፣ አንድ ቃል ብቻ" አልኩት። "ቀበቶው ካርቶን ውስጥ ነበር በልልኝ።"

"ልጄ፣ እኔ አልጋና የውኃ ሞተር ነው የሸጥኩት። የወታደር ዕቃ በእጄ አልፎ አያውቅም።" ይህን ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው። ቀጠለና፣ "ደግሞ እኔም ልጆች አሉኝ" አለ።

ያልወረደበት ስድብ የለም፤ በአማርኛም በዓረብኛም አወረድኩበት። ሪክሻ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ያለቀስኩት። እውነቱን ነው እኮ። ለመመስከር የገባ ሰው እዚያው ይቀራል። እኔ ብሆንስ እሄድለት ነበር?

ምግብ ይዤ ስሄድ አባቴ ጠጋ ብሎ፣ "ስም ስም እያሉ ሲያደርቁኝ ሰጠኋቸው" አለኝ።

"የማንን?"

ነገረኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሰጣቸው የታናሽ ወንድሙን ስም ነው። በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሶ ለወታደርነት የተወሰደ፣ ወደ ሰሜን ሄደ ከመባል በቀር ወሬው ያልተሰማ ወንድሙ። አባቴ ያንን ስም ቤታችን ውስጥ ጠርቶት አያውቅም፤ እኔ እናቴ ስታንሾካሹክ ነው የሰማሁት። "አጫራቹን ብጠራ ልጆች አሉት" አለኝ። "ይሄ ማንን ይጎዳል?" ያን ሁሉ ቅዳሜ ካርቶን ውስጥ በጣቱ ምን ይፈልግ እንደነበር ልጠይቀው አፌ ላይ መጣ። ተውኩትና ምግቡን ገልጬ አቀረብኩለት።

መኮንኑ ስሙን አንብቦልኝ፣ "ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" አለኝ። "አይቼው አላውቅም" አልኩ። መቼስ አልዋሸሁም። ስሙ በየኬላው ተላለፈ። ገላባት ተጠየቀ፣ ከሰላ ተጠየቀ፣ ሐምዳይት ስደተኛው መሐል ሳይቀር ተጠየቀ።

በዚህ መሐል አስተርጓሚዋ በርበሬ ልትገዛ ሱቄ መጣች። የማን ሱቅ እንደሆነ አላወቀችም። አንድ በአንድ ነገርኳት። "ታዲያ ሐራጅ አይሉም ነበር?" አለች፣ ዓይኗ ፈጥጦ።

"ገዳሪፍ ውስጥ ማን ነው ሐራጅ የሚል!" ጮህኩባት። "አንቺ ይዘሽ የመጣሽውን አማርኛ ነው እንዴ የምንናገርልሽ?"

በሻርፕዋ አፏን ያዘች። የራሷም የመኖሪያ ወረቀት ያልተስተካከለ ነው፤ ተሳሳትኩ ብትል ምን እንደሚደርስባት አታውቅም። "ሄጄ እነግራቸዋለሁ" ብላ በርበሬውን ትታ ወጣች። የምትሄድ አልመሰለኝም ነበር። ሄደች።

መኮንኑ አስጠራኝ። ደክሞታል፣ ዓይኑን ያሻል። "ሴትየዋ ቃሉን አቅንታዋለች" አለኝ። "አሁን የቀረው ይሄ ስም ብቻ ነው። ሲምሳር ከሌለ የምናሳድደው ሰውም የለም፤ ስሙ ግን አሁንም በየኬላው እየተፈለገ ነው። አባትሽ ስሙን ከራሴ ፈጠርኩት ይበል፣ ዛሬውኑ ይዘሽው ግቢ።"

አልሐምዱሊላህ! እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። አባቴ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል፣ ሳሉ ብሶበታል፣ ጀላቢያው ውስጥ ያለው ሰውነት አልቋል።

"አባዬ፣ አለቀ! ዋሸሁ በላቸውና ወደ ቤታችን።"

"እስካሁን የት የት ፈለጉት?" አለኝ።

"አባዬ፣ ምን ነካህ?"

"ሐምዳይትን ገና አልጨረሱትም አሉ። ፖርት ሱዳንም አለ፣ እዚያም ብዙ ሐበሻ አለ።"

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ አባዬ! እዚህ ልትሞትብኝ ነው? እኔስ? እኔ ማን አለኝ?" ዘበኛው ዞሮ አየኝ። ቢያየኝስ! ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት፣ ጀላቢያውን ጎተትኩት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩበት። 

በዚያ ሎሚና አመድ በላጠው ጣቱ እንባዬን ጠረገልኝ።

"የኔ እናት" አለኝ፣ "እኔ ልፈልገው ብነሳ ማን ኬላ ያሳልፈኛል? ማንስ ካምፕ ያስገባኛል? እነሱ መኪና አላቸው፣ ሬዲዮ አላቸው። ዋሸሁ ካልኳቸው እኮ መፈለጉን ይተዉታል።"