በእንሰቱ መሐል የቀሩት ወጥመዶች

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ለአይጥ ወጥመድ ማባበያ ማዘጋጀት ነበር። እኔ ቆጮውን ከተፈጨ ለውዝ ጋር ሳሽ፣ እሱ ያባዘትኩትን ጥጥ በየቆርቆሮ ሳጥኑ ይጎዘጉዛል። የቡታጅራ ብርድ ለተያዘ ፍጥረት ክፉ ነው ይል ነበር።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ በክረምቱ ዕረፍት የዱር አይጦችን ሊያጠኑ ከውጭ ለመጡ ተመራማሪዎች ያጠምድ ነበር። በሕይወት ስለሚፈልጓቸው ወጥመዱ አይገድልም፤ በሩን ዘግቶ ያቆያቸዋል። በማግስቱ ጠዋት ግን መከፈት አለበት።

ወደ ማታ ሳጥኖቹን በጎረቤታችን እንሰት መሐል ደረደርን። ባለ እንሰቱ ሐጂ አጥራቸውን ተደግፈው ይስቁብናል።

«መምህር፣ እኛ ድመት እናሳድጋለን፣ አንተ ለአይጥ ትደግሳለህ?»

«የበላው ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ሐጂ።»

«ጥጥ አንጥፈህለት ለምን ይመለስ።»

ከዚያ ባለቤቴ ቁም ነገር ያዘ። «እኔ ካልመጣሁ ማንም እንዳይነካቸው፣ አደራ። ይናከሳሉ፤ ልጆቹን ያርቁልኝ።»

«በአላህ፣ እጠብቅልሃለሁ።»

በማግስቱ በጠዋት፣ ተራራው ላይ ያሉትን ሌሎች ወጥመዶች አይተን ስንመለስ እነዚህን እከፍታለሁ ብሎኝ ከተመራማሪዎቹ ጋር ሄደ። መኪናቸው በዘቢዳር ተራራ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። ሌሎቹ ተረፉ።

ለቅሶ ደራሹ እየሳሳ ሲሄድ ሐጂ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የመምህርን አደራ ጠብቄአለሁ። ውሻ እንኳ አላስጠጋሁም፤ እንደዘጋቸው አሉ» አሉኝ።

ብድግ አልኩ። ሐዘንተኛ እንዲህ ቶሎ ከቤት አይወጣም ብለው ሴቶቹ ነጠላዬን ያዙ። አልሰማኋቸውም። ሐጂ ከፊት ከፊቴ ሄዱ።

ሳጥኖቹ በእንሰቱ ቅጠል ሥር እንዳስቀመጥናቸው ነበሩ። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ከፈትኩ። የተያዙት ሁሉ ማባበያውን ጨርሰው፣ ቆርቆሮውን ቧጥጠው፣ ጥጤ ውስጥ እንደተጠቀለሉ ደርቀዋል።

ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ፊቴን ይጠብቃሉ። ከመኪናው አደጋ የተረፉት ሰዎችም ሆኑ እኔ ስለነዚህ ፍጥረቶች አላሰብንም ነበር። ያሰቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«እንዳለኝ ጠበቅሁለት?» አሉኝ።

«ጠብቀውለታል፣ ሐጂ።»

እሳቸውም ካረፉ ቆየ። በጓሮዬ ያለውን እንሰት አይጥ ይበላዋል፤ እተወዋለሁ። ጥጥ እፈትላለሁ፤ ፈትሉን በገበያ ቀን አውጥቼ እሸጣለሁ።