ወረታ፦ የአክስቴ ጣሪያ የተነሣ ዕለት

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ገና ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስሁ። ረዳቱ «ወረታ! ወረታ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ውስጥ ግን ከሾፌሩና ዶሮ ካቀፈች አንዲት ሴት በቀር ማንም የለም። ይቺን ውሸት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ዛሬም ገባሁላቸው።

የምሄደው ለደስታ አይደለም። ወረታ ላይ አውራ ጎዳናው ሊሰፋ ነው፤ የአክስቴ የያልጋነሽ ቤት ከነበረንዳው መስመሩ ውስጥ ገብቷል። ምትክ ቦታ የተሰጣት ከከተማው ጫፍ፣ አንድም ሰው ከማታውቅበት ነው። ባሏ ከሞተ ቆየ፣ ልጅ የላትም፣ ያላት ሰፈሩ ነው። «ዛሬ ቤቴን ያነሡልኛል፤ ድረስልኝ» ብላ ደወለችልኝ። ድምጿ ደህና ነበር። ደህና መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

ጠዋት፣ ሐሙሲት

ለሻይ ወረድን። ፓስቲው ትኩስ ነው፤ ዋጋው ወደ ላይ ወጥቶ መጠኑ ወደ ታች ወርዷል። ሾፌሩ አፉን ሞልቶ ስለ መንገዱ ያወራል።

«ሲሰፋ እኮ ቁርስ ባሕር ዳር፣ ምሳ ጎንደር ነው!»

«አንተ ምን አለብህ! የምትነዳው የሰው ምድጃ ላይ ነው» አልሁት።

«እንዴ! እኔ ነኝ እንዴ ያፈረስሁት?» ሳቀና የሻዬን ሒሳብ ከፈለልኝ። እስከ ወረታ ላኮርፈው አስቤ ነበር፤ አላስቻለኝም።

ረፋድ፣ ፎገራ ሜዳ

የጉማራን ወንዝ እንደተሻገርን ሜዳው ተዘረጋ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሩዝ ገለባ ክምር፣ መንገድ ዳር የተደረደረ የሽንኩርት ጆንያ፣ ጥላ ሥር የተኙ ነጋዴዎች። ቡሬ የፎገራ ላሞች አስፋልቱን በዝግታ ያቋርጣሉ። ሾፌራችን ጥሩምባውን ቢያንባርቅባቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ኮራሁባቸው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ወረታ

የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ገና ከመግቢያው ተቀበለኝ። መንገድ ዳር ያሉት ግድግዳዎች የሚፈርሱ መሆናቸው እንዲታወቅ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። አክስቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አልጋዋ፣ ሳጥኗና ድስቶቿ ጋሪ ላይ ተጭነዋል።

«አለቀስሽ እንዴ?»

«ለምኑ? ለጭቃ?» አለችና ፊቷን ወደ ጓሮ አዞረች። ከጓሮዋ ኋላ፣ በጎረቤቷ በቄስ ሙጨ ግቢ፣ ጣሪያ የሌለው አዲስ የጭቃ ግድግዳ ቆሟል። «ለቆሎ ተማሪዎች ማደሪያ የሚሠሩት ነው። ያን የመሰለ ጌሾ ነቅለው! እኔ ስሄድ የሚቆጣጠራቸው ሰው ጠፋ።»

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቆርቆሮው አንድ በአንድ ቢነቀል የምስማሩ ቀዳዳ ክረምት ያፈስባታል፤ ስለዚህ ጣሪያው ከነማገሩ፣ ከነቆርቆሮው እንዳለ በትከሻ ሊነሣ ነው። አናጢው ከግድግዳው ላይ ፈታትቶ ጨርሷል። ረጃጅም አጠና ከሥር ሰደዱበት። ቄስ ሙጨ ጥምጥማቸውን አጥብቀው ከፊት ያዙ። እኔም ገባሁ፤ እንጨቱ ትከሻዬን ነከሰኝ።

«ሆ በል!»

ጣሪያው ተነሣ። አክስቴ ጋሪው ላይ ወጥታ ባለጋሪውን «በል እንጅ፣ ቅደም፣ መንገዱን አሳያቸው» ስትለው ይሰማኛል። እኛ ግን ወደ ጎዳናው አልሄድንም። ጣሪያው ወደ ኋላ፣ ወደ ጓሮ ተጓዘ።

«ኧረ ወዴት ነው! ምነው ዓይናችሁ ጠፋ? መንገዱ በዚህ ነው!» ጮኸች አክስቴ።

ከጣሪያው ሥር ሰው ሁሉ በሳቅ ይንፈቀፈቃል። እኔም አልገባኝም፤ እግሬ ዝም ብሎ ይከተላል። በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረው አጥር ተነቅሏል። አልፈን ገባን፣ በባላ እየገፋን ከፍ አደረግነው፣ አዲሱ ግድግዳ ላይ አሳረፍነው። ልክክ አለ። ለካ ልኩ የተወሰደው ከእሷው ቤት ኖሯል! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ያኔ ነው ነገሩ የተነገረን። ቄስ ሙጨ ጌሿቸውን ነቀሉ፤ ከእሳቸው ኋላ ያሉትም ጎረቤቶች በየተራ አጥራቸውን ወደ ውስጥ ገፉ። እንዲህ ተጠጋግተው ለአክስቴ የሚበቃ ቦታ ሰፈሩ ውስጥ አወጡ። ማዘጋጃ ቤትም ሄደው ፈቃዱን ጨርሰዋል። ለእሷ ብቻ አልነገሯትም።

«ለአክስትህ ብንነግራቸው እምቢ ይሉ ነበር» አሉኝ ቄስ ሙጨ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሰው ማስቸገር ሞታቸው ነው።»

አክስቴ ከጋሪው ወርዳ መጣች። «አባ! ዋሹኝ!»

«ንስሐ እገባበታለሁ» አሉ።

እኔ እንኳ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ብዙ ከተማ አይቻለሁ፤ ለአንዲት ሴት ብሎ የሚጠጋጋ ሰፈር ግን ያየሁት ወረታ ላይ ነው። የዚህ አገር ልጅ መሆኔ ደረቴን ነፋው።

አመሻሽ፣ ከአዲሱ ቤት ውስጥ

ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ፤ የቀረነው ሁለታችን ነን። አክስቴ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። አንድ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች። ያልደረቀው ጭቃ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ጣቶቿን አስገባችባቸው፤ ልክ ናቸው።

«የእኔ እጅ ነው» አለች።

«እንዴት?»

«ምርጊቱን ያገዝኋቸው እኔ ነኝ። እነዚህ ጎረቤቶቼ፣ የማሚቴ ልጆች፣ የአዝማቹ ሚስት፣ ሁሉም ነበሩ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉ።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «እኔማ የተማሪዎቹ መስሎኝ፣ እናት አጠገባቸው የለች፣ ብርድ እንዳይገባባቸው ብየ አወፍሬ ነው የመረግሁት!»